የሐሙስ መሰርሰሪያዎች

አባቴ ፎልከር ጆሮ ነበረው። ጆሮ የሌለው ማን አለ እንዳትሉኝ። የናንተ ጆሮ ወሬ ለመልቀም ነው፤ የሱ ግን ብረት ሆድ ውስጥ የተደበቀ ሕመም ይሰማ ነበር። በከተማችን የሞረድ ፋብሪካ ሥራው ይኸው ነበር፦ ከእሳት ወጥቶ ውኃ ውስጥ የጠነከረውን ሞረድ ወፍራም ብረት ላይ ጣል ያደርግና ያዳምጣል። የጤነኛው ድምፅ እንደ ደወል ይጠራል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይታፈናል። አባቴ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ይወረውራል፤ ይግባኝ የለም። አንድ ጊዜ ጎረቤት ቤት ማንኪያ ሲወድቅ ሰምቶ እጀታው መላላቱን ተናግሯል። ይኼን የማያምን ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት፤ እኔ እዚያው ነበርኩ።

ከተማችንም ብትሆን የዋዛ አልነበረችም። ኮረብታ ላይ ተንጠልጥላ፣ ግድግዳዋን በጥቁር የድንጋይ ቅርፊት ሸፍና፣ ዓመት ከዓመት ዝናብ እየጠጣች ግማሽ ጀርመንን መዶሻና ፒንሳ ታስታጥቅ ነበር። ግማሽ ዓለምን ብል ማን ይከለክለኛል? እኛ ዘንድ ልጅ ጥርስ ሲያወጣ የሚያኝከው የካቻቢቴ እጀታ ነው። ሰው ሲሞት ቄሱ ጸሎቱን ሳይጨርስ ቀባሪዎቹ መጋዙን ማን እንደሚወርስ ይንሾካሾካሉ። እንዲህ ባለ ከተማ ርካሽ መሣሪያ ይዞ መታየት በሚስት ላይ ሲወሰልቱ ከመያዝ የባሰ ነውር ነበር።

ታዲያ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የርካሽ ሸቀጥ ሱቅ ተከፈተ። ሌላውን ቀን ወተትና ድንች ይሸጣል፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን መሃሉ ላይ ባሉት የሽቦ ቅርጫቶች ውስጥ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። አንድ ሐሙስ የዝናብ ቦት ጫማ፣ አንድ ሐሙስ የዋና ልብስ፣ አንድ ሐሙስ ደግሞ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፣ ያውም በጫማ ዋጋ። የከተማው ወንዶች በሩ ሳይከፈት ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ እርስ በርስ ሲተያዩ ግን ሁሉም ወተት ሊገዛ ነው የመጣው። እውነቴን ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ከተማው በወተት ይጥለቀለቅ ነበር። ድመቶቹ ወፍረው አጥር መዝለል አቃታቸው።

አባቴ ብቻ ነበር ወተት የማይገዛው። ፋብሪካው ገበያ ስለጠፋበት ሐሙስና ዓርብ ይዘጋል፤ እኔም ሐሙስ ጠዋት ትምህርት የምጀምረው አርፍጄ ስለነበር እጁን ይዤ አብሬው እሄዳለሁ። ቅርጫቱ ጋ ሲደርስ ሰዉ መንገድ ይለቅለታል። ሣጥኑን ይከፍትና መጀመሪያ ማሽኑን በእጁ ይመዝነዋል፤ ቀላል ሞተር ማለት መዳቡ የተሰረቀ ሞተር ነው። ገመዱን ጠምዘዝ ያደርጋል፤ ላስቲኩ እንደ ደረቀ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ሁለት ክረምት አይሻገርም። የሚበሳው ፑንታ የሚገባበትን አፍ በሁለት ጣቱ ይወዘውዛል፤ ከተላወሰ ውስጡ ያለው ማሽከርከሪያ ኩሽኔታ ልል ነው። የሞተሩን መተንፈሻ ያሸታል። በመጨረሻ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ቀስ ብሎ ነቅነቅ ያደርገዋል። ሱቁ በሙሉ ጸጥ ይላል። እኔ ደረቴን ነፍቼ ዙሪያዬን አያለሁ፤ የዳኛ ልጅ ነኝ።

ፍርዱ አጭር ነበር። «መደርደሪያ ለመስቀል ይበቃል» ካለ ሰዉ ይገዛል። «ለግድግዳ ሰዓት ብቻ» ካለ ወደ ቅርጫቱ ይመልሰዋል። አባቴ ርካሽ ሁሉ ቆሻሻ ነው የሚል ሰው አልነበረም። በዓመት ሁለት ቀዳዳ የሚበሳ ሰው ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ማሽን መግዛቱ ጉራ ነው ይላል። ማሽንን ስንት ዘመን ትኖራለህ ብለህ አትጠይቀው፤ ለኔ ሥራ ትደርሳለህ ወይ ብለህ ጠይቀው ይላል።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ነገር አይደለም። ያን ዓመት፣ ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ የዚህ ጆሮ ፍርድ ቤታችን ገባ።

እናቴ ሮስቪታ ሆስፒታል ነበረች። ሕመሙ ከእግሯ ነው የጀመረው። የፋብሪካው ሠራተኞች አድመው አደባባይ የወጡበት ሰሞን ስለነበር የእናቴም እግሮች ያደሙ መስሎኝ ነበር፤ የጠየቁት ሲፈቀድላቸው ሥራ ይገባሉ። ክረምቱ ሲያበቃ አንድ ወጣት ሐኪም አባቴን ኮሪደር ላይ ወስዶ ሲያነጋግረው እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ ሰማሁ። ምድር ቤት ላይ መታጠቢያ ቤት ብታዘጋጁላት፣ በሩን ሰፋ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ብትተክሉላት፣ ወደ ቤቷ ልንሸኛት እንችላለን አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እኛ ከዚህ በላይ የምናደርግላት ነገር የለም።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እነሱ የድርሻቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው። የቀረው የኛ ድርሻ ብቻ ነው፤ የኛ ድርሻ ደግሞ ግድግዳ መብሳት ነው፤ ግድግዳ በመብሳት ከአባቴ የሚበልጥ ከዋልታ እስከ ዋልታ የለም። በአውቶቡስ ስንመለስ አባቴ መስኮቱን ሲያይ ዋለ። ልኬት እያሰበ ነው ብዬ ዝም አልኩት።

የልብስ ማጠቢያ ክፍላችንን ባዶ አደረገው። በሩን አሰፋ፣ ቧንቧ ዘረጋ፣ ወለሉን አስተካክሎ ሴራሚኩን ደረደረ። ሴራሚኩ ነጭ ሆኖ ዙሪያውን አንድ መስመር ሰማያዊ አለው፤ እናቴ የምትወደው ሰማያዊ ነው። ቀጥ ከማለቱ የተነሳ ውኃ ፈርቶ ወደ ጎን አይፈስም ነበር። ሁሉም እንደ ተረት ባንድ ወር አለቀ። መታጠቢያ ሳህኑ፣ መቀመጫው፣ መስታወቱ፣ የሚያብረቀርቁት መያዣ ብረቶች በየሣጥናቸው ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ። የቀረው መሰርሰር ነው። ቀዳዳ በስቶ፣ ብሎኑን የሚጨብጠውን ፊሸር ከትቶ፣ ብሎን ማጥበቅ። የአንድ ከሰዓት ሥራ።

ሐሙስ ደረሰና መሰርሰሪያ መጣ። አባቴ ከቅርጫቱ አንዱን መርጦ ገዛ፤ ሰዉም ተከትሎ ገዛ። ቤት ስንመለስ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተደረገውን ምልክት አነጣጥሮ አስነሳው። አቧራው ነጭ ሆኖ ወረደ፤ እኔ ሥሩ ወረቀት ይዤ እቀበላለሁ። አንድ ቀዳዳ እንደበሳ ቀጥ አድርጎ አጠፋው። ማሽኑን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ብዙ ቆየ።

«ኩሽኔታው ሄዷል» አለ።

እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ግን እኔ ማን ነኝ? ማሽኑ ተጠርጎ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ወደ ሣጥኑ ገባ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሱቁ ወሰድነው። ጠጉራቸውን ቀይ የተቀቡት የሱቁ ሴት፣ ወይዘሮ ሎማን፣ ደረሰኙን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ አንድም ቃል ሳይጠይቁ ገንዘቡን መለሱለት። ርካሽ ሱቅ ይሉታል እንጂ ዋስትናው የማያወላዳ ነበር።

ቀጣዩ ማሽን ሞተሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ቶሎ አለቀ ተባለ። ከዚያ የመጣው ሲነሳ ይሸታል፤ የሞተሩ የመዳብ ጥቅል እየነደደ ነው። አንዱ ማርሹ ጥርስ ይዘላል። አንዱ ማብሪያው ኃይሉን ቀስ በቀስ መስጠት ትቶ ባንዴ ይለቀዋል፣ ሴራሚክ ይሰነጥቃል። ሌላው ገና ከሣጥኑ ሲወጣ ተፈረደበት። በያንዳንዱ ማሽን አንድ ቀዳዳ ይበሳል፤ አንዳንዴም አይበሳም። መሰርሰሪያ በማይመጣበት ሐሙስ የዝናብ ቦት ጫማ አይተን እንመለሳለን። እኔ በትምህርት ቤት የአባቴን ጦርነት እተርክ ነበር፦ አባቴ የሩቅ ምሥራቅን መሰርሰሪያዎች አንድ በአንድ እየጣለ ነው፤ የጣለውን ክምር ብታዩት የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ያልፋል። አንድ ልጅ ታዲያ ለምን ጥሩ ማሽን አይገዛም ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ጠበቃ ሆነ።

ያንኑ ጥያቄ አባባ ዩፕም ጠይቋል። አባባ ዩፕ የጎረቤታችን ጡረተኛ ነው፣ ዕድሜውን በሙሉ የእሳት መዶሻ ሥር ያሳለፈ፣ ሲያወራ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው። በበጋው አጋማሽ አንድ ቀን ሰማያዊ መሰርሰሪያውን ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። ያ ማሽን ተራራ በስቶ ባቡር ያሳልፍ ነበር፤ ቢያንስ ሁለት ተራራ። ኮሪደሩ ላይ የቆሙትን ሣጥኖች አየ፣ ከላያቸው ያለውን አቧራ በጣቱ ጠረገ፣ አባቴን አየ።

«እንካ» አለው። «እስከ ማታ ትጨርሳለህ። አንተ ካልፈለግህ እኔ እሰረስርልሃለሁ።»

አባቴ ያንተ ማሽን ለድንጋይ ነው፣ ሴራሚኩን ያንቀጠቅጥብኛል አለ። ዩፕ ሳይመታ ቀስ ብሎ መሄድም ይችላል አለ። አባቴ ክብደቱ ሚዛን ያስታል አለ። ዩፕ እኔ ከሥር እደግፍልሃለሁ አለ። እንዲህ እየተባባሉ ቆዩ፤ እኔ ሁለት ሊቃውንት ስለ ሙያቸው ሲከራከሩ ማየቴ ኩራት ኩራት አለኝ። ዩፕ በመጨረሻ ማሽኑን እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ በሱ ወግ ያልሆነ ቀጭን ድምፅ፦

«ፎልከር፣ እሷ እኮ እየጠበቀች ነው።»

አባቴ ርካሹን ማሽን አንስቶ ማብሪያውን ደጋግሞ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያደርግ ጀመር።

ከጥቂት ዓመት በፊት ወይዘሮ ሎማንን አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት አገኘኋቸው። ጠጉራቸው አሁንም ቀይ ነው፤ እኔ ግን አርጅቻለሁ። ቼሪ የፈሰሰበት ትኩስ የዋፍል ኬክ ፊታችን ላይ አስቀምጠው ስለ አባቴ ጠየቁኝ፤ እኔም ልማዴ ነውና የጆሮውን ተአምር ጀመርኩላቸው። ያ ሁሉ ብልሹ ማሽን ሲመለስ ዋናው መሥሪያ ቤት ምን አለ ብዬም ጠየቅኳቸው። ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ አባትሽ የመለሱትን ሁሉ ጓዳ ወስጄ ሶኬት ላይ እሰካው ነበር። እንደ ንብ ነው የሚዘምሩት። ጥቅሉ ነደደ ያሉትን የእህቴ ባል ወሰደው፤ ሙሉ የከብት በረት ሠርቶበታል፣ እስከ ዛሬ ይሠራል።»

ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

«ምን ልበላቸው? ሚስትዎ ወደ ቤት እንዲመጡ አይፈልጉም ወይ ልበላቸው?»

ዋፍሉ ቀዘቀዘ። ሳልበላው ስመለስ መንገድ ላይ ያ የሐኪሙ ቃል መጣብኝ። ከዚህ በላይ የምናደርግላት ነገር የለም። እኔ እንደ ምሥራች የያዝኩትን አባቴ እንደ ተባለው ነበር የሰማው፤ ስንጥቅ የሚለይ ጆሮ ይህን እንዴት ይስታል? መታጠቢያ ቤቱ ካለቀ ይልኳታል። የሚልኳት እንድትድን አይደለም። እንግዲህ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ እስከጎደለ ድረስ እናቴ ገና በሕክምና ላይ ያለች ሴት ናት።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሰዓት በፊት እንጎበኛት ነበር። ሆስፒታሉ ከከተማው በላይ፣ ጫካው ዳር ነው። በጸደይ ወራት እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥልኝ ነበር፤ ልጣጩን ሳትበጥስ እንደ እባብ ጠምዝዛ አውጥታ አንገቴ ላይ ታንጠለጥልልኛለች። መታጠቢያ ቤቷ የት እንደደረሰ ትጠይቃለች። አባቴ ኩሽኔታው ሄደ ይላታል፤ ትስቃለች። የሚቀጥለው እሑድ ካርቦኑ ይላታል። ኧረ የርካሽ ነገር እያለች ትስቃለች፣ ግን አጠር አድርጋ። በበጋ ብርቱካኑን አንቺ ላጪልኝ አለችኝ። ንግሥት መሆን አማራት ብዬ በታላቅ ሥርዓት ላጥኩላት፣ እየከፈልኩም አፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ትልቅ ሹመት ነበር፤ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ብርድ ልብሱ ላይ የተጋደሙትን እጆቿን አላየሁም። አባቴ ግን የተቀመጠው በእጆቿ በኩል ነበር።

ያንተ ጓደኛ ዩፕ ማሽን የለውም ወይ አለችው አንድ ጊዜ። እጠይቀዋለሁ አላት። አልጠየቀውም።

መስከረም ላይ፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ እሑድ አበባ ይዘን ሄድን። እናቴ በአበባ ማስቀመጫው ውኃ አምጪ ብላ ላከችኝ። የቧንቧው ክፍል ከጎን ነው፣ በሩም አይገጥምም። ውኃው እየወረደ ንግግራቸው በቁራጭ በቁራጭ ይደርሰኛል።

«ያንተን ጆሮ አውቀዋለሁ» አለችው እናቴ። «አንድም የተበላሸ ማሽን አልነበረም።»

 ቧንቧውን ዘጋሁት።

«ከጨረስኩት ወደ ቤት ይልኩሻል» አለ አባቴ።

«አዎ።»

«ሮስቪታ፣ ይልኩሻል እኮ ነው የምልሽ።»

«ሰማሁህ። እኔ እዚህ ሆኜ የማየው የሰው ግድግዳ ነው። ሰማያዊውን መስመር ነገርከኝ እንጂ አላየሁትም። ዛሬ ጨርሰው።»

ገባኝ። ቻይኖቹ አባቴን አታለውት ኖሯል፤ ጤነኛ ማሽን የታመመ አስመስለው ሸጠውለታል፤ እናቴ ከአልጋዋ ሆና ነቃችባቸው። የማይገባኝ አባቴ ይልኩሻል የሚለውን እንዲህ ያለውን ደስ የሚል ነገር እንደ ክፉ ወሬ ማውራቱ ብቻ ነበር። አበባውን ይዤ ስገባ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ የክፍሉን ማሞቂያ በጥፍሩ ሲቧጥጥ አገኘሁት።

ቤት እንደደረስን ካፖርቱን ሳያወልቅ ወደ ምድር ቤቱ ክፍል ገባ። ባለፈው ዓርብ ሱቁ ስለተዘጋበት ሳይመልሰው የቀረ አንድ መሰርሰሪያ ነበረ፣ ማርሹ ጥርስ ይዘላል የተባለው። ከሣጥኑ አወጣው።

እሑድ በእኛ አገር ግድግዳ አይበሳም። ሣር አይታጨድም፣ ምንጣፍ አይራገፍም፣ ጠርሙስ እንኳ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲጣል ድምፁ ያሳፍራል። ሰው ገድለህ ጎረቤት ላያውቅብህ ይችላል፤ እሑድ መዶሻ ብታነሳ ግን ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ሦስት ሰው በርህን ያንኳኳል። አባቴ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰዉ ለድንችና ለጥብሱ ሲቀመጥ፣ ማሽኑን አስነሳ። የመንገዱ መስኮቶች ሁሉ ተከፈቱ። እኔ ደረጃው ላይ ወጥቼ ቆምኩ፤ የሚመጣውን ሁሉ ልመክት ነው።

ማንም አልመጣም። ፊት ለፊት ያሉት፣ ባለፈው ዓመት ኳሴ ጮኸ ብለው የከሰሱኝ ባልቴት፣ መስኮታቸው ላይ ብቅ አሉ፣ ቆመው ሰሙ፣ ከዚያ መጋረጃውን ቀስ አድርገው ዘጉት። አባባ ዩፕ ያለ ኮፍያ መጥቶ ሳያንኳኳ ገባ። የአቧራ መምጠጫውን ቱቦ ከሥር ይዞለት፣ ሁለቱም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሄዱ። ማሽኑ አልተንገጫገጨም፣ አልሸተተም፣ አንድ ሴራሚክ አልሰነጠቀም። እኔ ሰፈሩ ጸጥ ያለው አባቴን ፈርቶ ነው ብዬ ለዓመታት ሳወራ ኖሬአለሁ። ሰፈሩ የሆስፒታሉ መኪና የሚያመጣውን ሰው ለምን እንደሚያመጣ ከኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

የቀን ብርሃን ሳይጠፋ ሥራው አለቀ። መስታወቱ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። መያዣ ብረቶቹ አንዱ በመቀመጫው ጎን፣ አንዱ በሻወሩ ሥር ቆመዋል። አባባ ዩፕ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለባቸው፤ ዩፕ ደግሞ በቅቤና በቋሊማ የተሠራ ሰው ነው። ንቅንቅ አላሉም። በዚያ ርካሽ ማሽን ያን ያህል ንጹሕ ቀዳዳ የበሳ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፣ ይኼን ስል አላጋነንኩም።

በዚያው ሳምንት አመጧት። ሁለት ወጣቶች ከመኪናው አውርደው በተሽከርካሪ ወንበር አስገቧት። ካፖርቷ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። አልጋ አዘጋጅተናል አላት አባቴ፤ መጀመሪያ ክፍሉን አሳየኝ አለች። ገፍቶ አስገባት። አባባ ዩፕ ከበሩ ውጭ ቀረ፣ እኔ ግን መሃል ገብቼ እንደ አስጎብኚ ማስረዳት ጀመርኩ፦ ይሄ ሳህኑ ነው፣ ይሄ ያንቺ መስታወት ነው፣ ይሄ ሰማያዊው። እናቴ ሰማያዊውን መስመር ከጥግ እስከ ጥግ በዓይኗ ተከተለችው። ቆንጆ ነው አለች።

አባቴ ወንበሩን መያዣው ብረት አጠገብ አቁሞ ጎማውን ቆለፈ። ተንበረከከ። ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ አንስቶ ብረቱ ላይ አደረገላት። እጇ ሊደርቅ እንደተሰጣ ጓንት ተጋደመ።

«አጥብቀሽ ያዢው እማዬ» አልኳት። «ዝሆን አይነቅለውም።»

አባቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ብረቱ ላይ አጠፋቸው፣ አውራ ጣቷን መጨረሻ። በእጁ ሸፍኖ ቆየ። እጁን ሲያነሳ ጣቶቿ ቀስ እያሉ ተከፈቱ። እንደገና አጠፋቸው። እንደገና ተከፈቱ። ብረቱ እንዳይደበዝዝባት የምትሳሳ መሰለኝ። ኮሪደሩ ላይ አባባ ዩፕ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቁመቱ ልክ ነው፣ ፎልከር» አለች እናቴ። «ልክ እጄ የሚያርፍበት ላይ ነው ያደረግኸው።»

አባቴ እጁን እጇ ላይ ጭኖ፣ ግንባሩን ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ አስደግፎ እንደተንበረከከ ቀረ። እኔ ብረቱ ንቅንቅ እንዳላለ ለሰፈሩ ላወራ ወደ ውጭ ሮጥኩ።